የእንጆሪ ቅጠል በንጹሕ አልኮል

ልጄ ኡርቴ ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የውሃው ድምፅ ንግግሯን እንዲሸፍንላት ነው። ነገር ግን የእኛ ሕንፃ ግድግዳ ከወረቀት ብዙም አይሻልም፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሲያስነጥስ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ይማርህ ይለዋል። "ዶክተር፣ እኔ ምንም አልቀላቀልኩበትም" ስትል ሰማኋት። "ንጹሕ አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ፣ ራሴ ሞልቼ፣ ራሴ ነኝ የከደንኩት።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠጣም" አለች።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ጥቅምት ገብቶ ከተማው ገና የቤት ማሞቂያውን ስላልለቀቀልን የምድጃውን በር ከፍቼ በእሱ እሞቃለሁ። ባለቤቴ ሪማስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ጥቁር ዳቦውን ቅቤ ይቀባል። ልጁ በውሃ ተሸሽጋ ከሰው ጋር ስትከራከር የሰማ አባት ዐይኑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳል። የሪማስ ዐይን ግን ወደዚያ አልሄደም። ወደ ጓዳው በር ነው የሄደው። ወዲያው መለሰውና አንዴ የቀባውን ዳቦ እንደገና ይቀባ ጀመር።

ጓዳው ውስጥ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ አራት ሰፋፊ ብልቃጦች በጋዜጣ ተጠቅልለው ቆመው ነበር። የኡርቴ የመመረቂያ ሥራ ናቸው። ከከተማው ውጭ ካለችን ትንሽ የአትክልት ቦታ የለቀምነው የእንጆሪ ቅጠል ነው፤ በአንድ አንሶላ ላይ የደረቀ፣ እኩል የተመዘነ። ልዩነቱ የተዘፈዘፈበት ነገር ብቻ ነው። አንዱ በውሃ፣ አንዱ በቮድካ፣ አንዱ ውሃ ትንሽ በገባበት አልኮል፣ አንዱ በንጹሕ አልኮል። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ቅጠል ዘፍዝፋ ጓዳ ታስቀምጣለች፤ አንዷ በቮድካ ነው ትላለች፣ ሌላዋ በፍጹም ትላለች። ኡርቴ ደግሞ ከቅጠሉ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚሉትን፣ ሰውነት ቶሎ እንዳያረጅ ይጠብቃል የሚባለውን ነገር አብልጦ የሚያወጣው የቱ እንደሆነ፣ ሰው በቤቱ እንደሚያደርገው አድርጋ ልትለካ ነው። በዚያን ጊዜ እሷ የባሕር ዳርቻዋ ከተማ ፓላንጋ ሄዳ ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች ዓሣ ታቀርብ ስለነበር ጠዋትና ማታ ብልቃጦቹን ማወዛወዝ የእኔ ሥራ ሆነ። በጥንቃቄ አወዛወዝኩ። የንጹሕ አልኮሉ መጀመሪያ እንደ ሣር አረንጓዴ ነበር፤ ከቀናት በኋላ እንደ ሻይ ቡናማ ሆነ። አየሁት። ቅጠል አይደለም እንዴ፣ ያረጃል አልኩና ጋዜጣውን መልሼ ጠቀለልኩት።

ኡርቴ ስትወጣ ፊቷ ርጥብ ነበር። ካፖርቷን እየለበሰች፣ "እማ፣ ብልቃጦቹን ከፍተሽ ነበር?" አለችኝ።

"እኔ? አወዛወዝኩ እንጂ ክዳን አልነካሁም።"

እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ሳላስብበት ከአፌ ወጣ። ኡርቴ አየችኝ፤ ቀጥላ የአባቷን ጀርባ አየች። "እሺ" አለች። የመመረቂያ ሥራዋን የምትመራት የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ዶክተር ግራዚና እስከ አሥር ሰዓት እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። አልኮሉ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል፤ ብልቃጡን የነካ ሰው ካለ መጥቶ ይናገር፤ ካልሆነ ነገሩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፣ ከጥር ጀምሮ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሊሰጣት የነበረው ሥራም ይቀራል። ያቀረብኩላትን ገንፎ ሳትነካው ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብታንኳኳው ይሻለኝ ነበር።

"ለዶክተሯ ጨመርኩበት በያት" አለ ሪማስ።

"ምን?"

"ጎድሎ አየሁና ውሃ ጨመርኩበት በያት። እናቴ ትጨምር አልነበረም ወይ? የማትጨምር ሴት የታለች?"

ይህን ሲል አልዋሸም። እዚህ ጎድሎ ያየችውን ብልቃጥ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት የለችም። ቅጠሉ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ላይ ላዩ ደረቅ ሆኖ ከቀረ ይሻግታል፤ ስለዚህ እጅ ላይ ያለው ሁሉ ይጨመርበታል። እናቴ ትጨምር ነበር፤ አማቴ ትጨምር ነበር። ዶክተሯም የአንዷ ልጅ ናትና ይህን አታጣውም።

"ምን ያህል ነበር?" አልኩት።

"ዚታ" ብሎ ስሜን ጠራ።

"እኔ የምናገረው ከሆነ ልወቀው። ምን ያህል ነው የጎደለው?"

"ትንሽ ናት። ከሥራ ስመለስ፣ ሁለት ሦስት ቀን። ከዚያ ወዲያ የለም።" ቀና ብሎ አየኝ። "ቮድካውን አልነካሁም" አለ፣ አንድ ትልቅ ቃል እንደጠበቀ ሰው። ቮድካ በልጁ ራስ ምሎ የተወው ነው። ንጹሕ አልኮሉ ግን የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ ያለበት፣ የመርፌ ቦታ የሚጠርጉበት ነገር ነው። እንዲህ ብሎ ለራሱ እንዳስረዳ ከፊቱ አነበብኩ። ሪማስ የትሮሊባስ ሾፌር ነው፤ በላዩ ሁለት ዘንግ አውጥቶ ከሽቦ በሚወርድ ኤሌክትሪክ የሚሄደውን። በመጠጥ ተባሮ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ሲመልሰው ዕድሉ አንዴ ብቻ ነው ብለውታል። ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት መጠጥ የሚለይ መሣሪያ ላይ ይተነፍሳል። ከተማችን ካውናስ ደግሞ ከተማ ትባላለች እንጂ ሰዎቿ ሁሉ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ በዚህ የተወራ በዚያ ይሰማል። ሪማስ ዳቦውን ትቶ ተነሣ። ጥርሱን ሁለቴ ቦረሸና ወደ ሥራ ወጣ።

እኔም የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ደውዬ ጥርሴን አሞኛል አልኩ። ከቁም ሣጥኑ ላይ ጉዳይ ኖሮን ቢሮ ስንሄድ ለመስጠት የምናስቀምጠውን የቸኮሌት ካርቶን አወረድኩ፤ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁና የሚያበቃበትን ቀን አየሁ፤ ገና ነው። ደረጃው ላይ ጎረቤታችን ስታሴ በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርባ የፖስታ ሣጥኗን ትከፍታለች።

"የት ነው እንዲህ በቸኮሌት?"

"ጥርስ ሐኪም።"

"ለጥርስ ሐኪም ቸኮሌት? ገበያ እንዳይጠፋበት ነው?" ብላ ሳቀች። "እኔ ትናንት ማሞቂያውን ብነካው እጄን አቀዘቀዘው። ባለፈው ዓመት ሙሉ ክረምት እንደ በረዶ ሆኖ ለጥር ብቻ መቶ አርባ ዩሮ ላኩብኝ። በዚህ ዋጋ ራሱ ከንቲባው መጥቶ ቢያቅፈኝ ምን አለበት?"

ሌላ ቀን ብሆን እመልስላት ነበር። ትሮሊባስ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጬ የምናገረውን በሆዴ ደጋገምኩት። ጎድሎ አየሁ፤ ውሃ ጨመርኩ፤ አላወቅኩም። ሦስት ቃል የምታህል ነገር ናት፤ ግን ገበያው ጋ ስንደርስ ሁለተኛዋ ጠፋችብኝ፤ ድልድዩን ስንሻገር ደግሞ ተመለሰች። አጠገቤ ያለች ሴት ለጓደኛዋ የድንች ዋጋ ትነግራለች፤ ጓደኛዋ፣ "በዚህ ዋጋ ተልጦ ይሆናል" ትላታለች። ውጭ የሚዘንበው ዝናብ አይሰማም፤ መንገዱን ብቻ ያጠቁረዋል። ሴት ልጅ ሳሳድግ የፈራሁትን ሁሉ አስታወስኩ፤ መኪና፣ ሳንባ ምች፣ መጥፎ ወንድ። ጓዳችንን ፈርቼ አላውቅም።

የዶክተር ግራዚና ክፍል ጠባብ ነው፤ ሽታው እንደ ክሊኒክና እንደ ደረቀ ሣር ነው። አጭር ፀጉር ያላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በሬድዮ የሚናገር ሰው ዓይነት ቀዝቃዛ ድምፅ ጠብቄ ነበር፤ የእሷ ግን ጉንፋን የያዘው ነው። ቸኮሌቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በአንድ ጣቷ ወደኔ ገፋችው። "ወይዘሮ ዚታ፣ ይቀመጡ። ይህን ይዘው ይመለሳሉ።"

ተቀመጥኩና ነገርኳት። ጎድሎ አየሁ፤ ውሃ ጨመርኩ፤ አላወቅኩም። አልተንተባተብኩም። እሷ ተነሥታ ከመስኮቱ ሥር የጠባብ ብርጭቆዎች መደርደሪያ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በአራቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሐምራዊ ፈሳሽ ተደርጎ ከየብልቃጡ አንድ አንድ ጠብታ እንደተጨመረበት ነገረችኝ። ቅጠሉ ብርቱ ነገር ካወጣ ሐምራዊው ይጠፋል፤ ካላወጣ ባለበት ይቀራል። የውሃው ገና ሐምራዊ ነው። የቮድካው ደብዝዟል። የሦስተኛው ወደ ቢጫ ሄዷል። አራተኛው ግን ጭራሽ ሐምራዊ የነበረ አይመስልም።

"ንጹሕ አልኮል እንዲህ አያደርግም" አለች። "ከቮድካው ማነስ ነበረበት። ቅጠሉ ውስጥ ካለው ነገር ከፊሉ ውሃ ይፈልጋል፣ ከፊሉ አልኮል። ንጹሕ አልኮል ብቻውን ደረቁን ቅጠል ይባስ ያደርቀዋል እንጂ አይከፍተውም። ውሃ ሲገባበት ነው አብረው የሚያወጡት። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፤ ልጅቷ አዲስ ነገር አገኘች አልኩ። ከዚያ መለኪያ ከተትኩበት። ግማሽ ለግማሽ የቀረበ ውሃ ነው። ውሃውን የጨመረው ሰው ሳያውቅ ከሁሉም የተሻለውን ሠራ።" አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። "ደካማ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ማንም አይጠይቅም ነበር።"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኩ እንደገና።

"ምን ያህል ጨመሩ?"

"ቅጠሉ የመጠጠውን ያህል።"

"ቅጠል የሚመጥጠው ሁለት ጣት ነው፤ እናቴ ጓዳ ነው ያደግኩት። እዚህ ግማሹ ነው የተለወጠው። የሌሎቹስ? ሌሎቹ አልጎደሉም?" ብልቃጦቹን ሁሉ እኩል አወዛውዤ አንዱን ብቻ አጠጣሁ ማለት ለእኔም አልጣመኝም። ዶክተሯ ግን አላፋጠጠችኝም። መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን አሸች። "ችግሩ ይኼ አይደለም፣ ወይዘሮ ዚታ። ልጅዎ ረፋድ ላይ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔ ነኝ ብላኛለች። ውጤቱ እንዲያምርልኝ ብዬ ውሃ ቀላቀልኩበት ብላለች። በስልክ ስትክድ ቆይታ፣ መጥታ አመነች። እንዲህ ያደረገ ሰው ስሙ ኮሚቴ ይሄዳል፤ እዚህ ቤት ዳግም አይገባም። አሁን ደግሞ እርስዎ መጡ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እየዋሻችሁኝ ነው። ወይም ሁለታችሁም።"

ተነሥታ የጎን በሩን ከፈተችና ኡርቴን ጠራቻት። ልጄ በነጭ ካፖርት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ቸኮሌቱን ነው። "እማ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ውሃ መጨመሬን እየነገርኳቸው ነው።"

"አንቺ አልጨመርሽም። እኔ ነኝ።"

"አንቺ ፓላንጋ ነበርሽ፣ ልጄ። ዓሣ ስታመላልሺ ነበር።"

ዶክተሯ ወደ ኡርቴ ዞረች። "ቅጠሉ ተዘፍዝፎ ሲቆይ ቤት አልነበርሽም?" የኡርቴ አንገት ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሕፃን ሆና ስትዋሽም እንደዚህ ነበር የሚወጣባት። "እማ፣ ተይ" አለችኝ ቀስ ብላ። ያኔ ነው የገባኝ። ጠዋት "እሺ" ስትል አባቷ መጠጣቱን አውቃ ነበር። ምናልባት ከፓላንጋ እንደተመለሰች ቡናማውን ፈሳሽ ባየችበት ቀን አውቃለች፤ ከሱ በፊትም ይሆናል፤ አልጠየቅኳትም። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምድጃ እየሞቅን፣ እኔ እሷ እንዳታውቅ እሸሽገዋለሁ፣ እሷ እኔ እንዳላውቅ ትሸሽገዋለች። እሱ መሐላችን ተቀምጦ ዳቦውን ይቀባል።

ዶክተሯ አላጣደፈችንም። ሁለቱም ያዩኛል። ሪማስን አሰብኩት፤ ከሥራ ሲመለስ ኮፍያውን ሚስማር ላይ የሚሰቅልበትን አኳኋን፤ ያለ ሥራ በተቀመጠበት ዓመት በቀን መስኮት ጋ ቆሞ የራሱን ቁጥር ትሮሊባስ ሲያልፍ የሚያይበትን። ኡርቴን ደግሞ አየኋት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጆቿ በቅጠል ቢጫ ሆነዋል።

"ባለቤቴ ጠጥቶት ነው" አልኩ። "ጠጥቶ ውሃ ሞላበት።"

ኡርቴ ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ቆመች። ዶክተር ግራዚና መነጽሯን መልሳ አደረገችና የቤተሰብ አባል ብልቃጡን ሳያውቅ አበላሽቶታል ብላ እንደምትጽፍ፣ ስም እንደማትጠራ፣ ኡርቴም አራተኛውን ብልቃጥ እንደገና፣ በዚህ ቤት፣ በእሷ ቁልፍ ሥር እንደምትዘፈዝፈው ነገረችን። ከጥር ጀምሮ የሚሰጣት ሥራም አልቀረም። ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩም መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ኡርቴን ልይዛት እጄን ስዘረጋ የነጩን ካፖርት ኪስ ትፈታትሽ ጀመር።

"ዛሬ ወደ ቤት አልመጣም" አለች። "ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ።"

"ገንፎሽን እንኳ አልበላሽም።"

"ለአባዬ ማን ይነግረዋል?"

"እኔ።"

"እኔ እንደማውቅ አትንገሪው" አለችኝ፤ ከዚያ ግን ይህ የማይሆን ነገር መሆኑ ገባትና ራሷን ነቀነቀች። "ተይው። እንደፈለግሽ።"

የሪማስን ትሮሊባስ መጨረሻው ፌርማታ፣ ጫካው ጥግ አገኘሁት። ሊመሽ ነው። አንደኛው ዘንግ ከሽቦው ወርዶበት፣ ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ ከኋላ ቆሞ ገመዱን ይስባል። ውስጥ መብራት የለም፤ የሚቀጥለውን ዙር የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ጨለማው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ሽቦውን እያየ፣ "ምን አመጣሽ? ትረጥቢያለሽ፣ ግቢ" አለኝ።

"ስምህን ተናገርኩ" አልኩት።

ገመዱን አልለቀቀም። "ጨመርኩ በያት ብዬሽ ነበር።"

"አልኩ። ኡርቴ ቀድማኝ ሄዳ እኔ ነኝ ብላለች። ሊያባርሯት ነበር።"

"ማን? ኡርቴ?" ወደኔ ዞረ። "እሷ ምን ታውቃለች?" ከላይ ዘንጉ ሽቦውን እየነካ ይመለሳል፤ በነካ ቁጥር ሰማያዊ ብልጭታ ይወርዳል። ዝናቡ ከኮፍያው ላይ ወደ አገጩ ይንጠባጠባል። ልጠይቀው ያልፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ትሮሊባሱ ውስጥ የተቀመጠችው፣ ከረጢቷን ጉልበቷ ላይ ያቀፈችው አሮጊት በመስኮቱ ስታየን ባላይ ኖሮ ምናልባት አልጠይቀውም ነበር።

"ሁለት ሦስት ቀን ነው ያልከኝ። የመጨረሻው መቼ ነበር?"

"ዚታ፣ ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።"

"መቼ ነበር?"

"ትናንት" አለ። "ብልቃጦቹ ከሄዱ ወዲህ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ። ጠዋት ስተነፍስ አረንጓዴ ነው ያበራው። በየቀኑ አረንጓዴ ነው የሚያበራው።" ዘንጉን ወደ ሽቦው ሊያስገባ እንደገና ሞከረ። ይህን ሥራ ዐይኑን ጨፍኖ ይሠራው ነበር። አሁን ግን ዘንጉ ግራ ሄደ፣ ቀኝ ሄደ፣ ሽቦውን ሳተ። ሦስተኛ ጊዜ ሲስተው ዘንጉን አወረደውና ከማሰሪያው ጋር አሠረው። ሰደርያውን አወለቀ። በፊት በር ገብቶ ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያገናኘውን ስልክ ሲያነሣ በመስታወቱ አየሁት። የራሱንና የመኪናውን ቁጥር ተናገረ።

"ሌላ ሾፌር ላኩ" አለ። "አይ፣ ከሽቦው አይደለም።" ከወዲያ የሚጠይቁትን አልሰማሁም። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም።

ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ይነሡ ጀመር። አንዱ፣ "በሳምንት ሁለቴ! በእግሬ ብሄድ ደርሼ ነበር" አለ። አሮጊቷ በር ላይ ደርሳ ደረጃውን ፈራችው፤ ከረጢቷን ተቀበልኳት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ነው፣ ከባድ ነው። ክንዷን ይዤ አወረድኳት።

"ተበላሽቶ ነው፣ ልጄ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እናቴ።"

"ሾፌሩስ ደህና ነው? ጠዋትም እሱ ነው ያመጣኝ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።"

ከኋላዬ የሪማስ ድምፅ ተሰማ። "ስለ ጠጣሁ ነው" አለ በስልኩ፣ እንደ ፌርማታ ስም ጥርት አድርጎ። አሮጊቷ የሰማች አልመሰለኝም። ሌላው ትሮሊባስ የሚቆምበትን ጠየቀችኝና ከረጢቷን ተሸክሜ እስከ መጠለያው ድረስ ሸኘኋት፤ ወደኋላ አልዞርኩም።